ለሹም መጸለይ ማጎብደድ ነው? ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

በሁለት ሳምንት ውስጥ አንድ ጽሑፍ ከስድስት ሰው ደረሰኝ። አክስቴ ላከችው። አብሮኝ ወታደር የነበረ ጓደኛዬ ላከው። የምኩራባችን ሰዎች በስልክ የሚያወሩበት ቡድን ውስጥም ተለጠፈና ሽማግሌዎቹን አነጋገረ። ጽሑፉ አይሁድ በየሰንበቱ ለመንግሥት ስለሚያደርሱት ጸሎት ነው። ጸሐፊው እንደኔው እስራኤል የሚኖር፣ ወላጆቹ ከጎንደር የመጡ ሰው ነው። አላውቀውም፤ ግን የጻፈው ከልቡ እንደሆነ ያስታውቃል። እኔም መልሴን ከልቤ ልጻፍ።

የሚለው ባጭሩ ይህ ነው። አንደኛ፣ ለመንግሥት የሚደረገው ጸሎት በስደት ፍርሃት የተወለደ ማጎብደድ ነው። ሁለተኛ፣ ለባለሥልጣን የሚጸልይ ሰው ባለሥልጣኑን ለመውቀስ አፍ የለውም። ሦስተኛ፣ አገር ካገኘን በኋላ ስለ ነጻነት መጸለይ ባዶ ቃል ነው። አራተኛ፣ ጸሎቱ ከአውሮፓ የመጣ እንጂ የአባቶቻችን አይደለም። አምስተኛ፣ ሃይማኖትና ሕግ አውጪ መነካካት የለባቸውም። ስድስተኛ፣ ሽማግሌዎቻችን በማይገባቸው ዕብራይስጥ «አሜን» እያሉ ነው። ሁሉንም የሚያስረው «ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ» የሚለው ተረት ነው። ጸሎቱ ይህንኑ ተረት በዕብራይስጥ የሚያስተምር ነው ይላል።

መጀመሪያ ጸሎቱን እንየው። ጽሑፉ ስለ ጸሎቱ ብዙ ይናገራል፤ ከጸሎቱ ግን አንድም መስመር አልጠቀሰም። በእስራኤል ምኩራቦች የሚባለው ጸሎት የወጣው አገሪቱ በተመሠረተችበት በ1948 ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ያወጡት የዚያን ጊዜዎቹ ዋና ረቢዎች ይስሐቅ ሄርዞግና ቤን ጽዮን ዑዚኤል ናቸው። ደራሲው አግኖንም እጁ አለበት። ስለ መሪዎች የሚለው ይህን ነው፦ «ብርሃንህንና እውነትህን ለመሪዎቿ፣ ለሚኒስትሮቿና ለአማካሪዎቿ ላክ፤ ከፊትህ በሚወጣ በጎ ምክርም አቅናቸው።»

የመጨረሻዋ ቃል በዕብራይስጥ «ወታክኔም» ነች። የተጣመመን ማቃናት፣ የተበላሸን መጠገን ማለት ነው። አባቴ በዕብራይስጥ ማንበብ የተማረው ከአርባ ዓመቱ በኋላ ነው። ይህ ጸሎት ሲደርስ ብዙውን በለሆሳስ ይለዋል። እዚህች ቃል ላይ ግን ድምፁ ከፍ ይላል። ልጅ ሆኜ አፍር ነበር፤ ሰው ዞር ብሎ ያየን ነበርና። አሁን ሳስበው ጸሎቱን ከብዙዎቻችን በፊት የተረዳው እሱ ነው። አቅናቸው የሚባለው ለተጣመመ ነው። በየሰንበቱ በሕዝብ ፊት «መሪዎቻችን መቃናት ያስፈልጋቸዋል» እያሉ መናገር እንዴት ነው ማጎብደድ የሚሆነው?

ሌላም ነገር ልብ በሉ። በዚህ ጸሎት ውስጥ የማንም ሰው ስም የለም። ጠቅላይ ሚኒስትር ይመጣል፣ ይሄዳል፤ ጸሎቱ ስሙን አያነሳም። እንግሊዝ አገር ያሉ አይሁድ ንጉሡን በስሙ ጠርተው ይጸልያሉ። እዚህ ግን የሚጸለየው ለወንበሩ ነው፤ ማንም ይቀመጥበት።

አሁን ወደ ፍርሃቱ ልምጣ። እዚህ ላይ ጸሐፊው ግማሽ እውነት ይዟል፤ ልንክደው አይገባም። ከ1948ቱ በፊት በዓለም ዙሪያ የተለመደው ጸሎት «ሃኖቴን ትሹዓ» ይባል ነበር። «ለነገሥታት መዳንን የሚሰጥ» ብሎ ይጀምራል። ንጉሡን ባርከው፣ ጠብቀው፣ ከፍ ከፍ አድርገው ይላል። ማዕረጉን አንድ ባንድ ይደረድራል። ረቢ ምናሴ ቤን እስራኤል በ1655 አይሁድ ወደ እንግሊዝ እንዲመለሱ የዚያን ጊዜውን የእንግሊዝ ገዢ ክሮምዌልን ሲለምን፣ ይህንን ጸሎት በልመናው ውስጥ አሳትሞ አቅርቧል። «እዩ፣ እኛ በምንኖርበት ሁሉ ለገዢው የምንጸልይ ታማኝ ሰዎች ነን» ለማለት ነው። ይህ ፍርሃት አለበት። የሚፈራ ሰው የሚያወጣው የታማኝነት ወረቀት ነው። ነጻ በወጡበት አገር እንኳ ውዳሴው አልቀረም። በ1789 በቨርጂኒያ፣ በሪችመንድ ከተማ የነበሩ አይሁድ ያዘጋጁት ጸሎት የዕብራይስጡን መስመሮች መነሻ ፊደል ሲያገጣጥሙት «ዋሽንግተን» የሚል ስም ይወጣዋል።

ግን ያ የፍርሃት ጸሎት ራሱ ውስጡ ምን እንዳለ እንመልከት። የመጀመሪያው መስመር የተወሰደው ከመዝሙር 144 ነው። ዳዊትን ከክፉ ሰይፍ ያዳነውን አምላክ ይጠራል። መዝሙሩን በቃሉ የሚያውቅ ሰው የሚከተለውን ቁጥር ያስታውሳል፦ አፋቸው ሐሰት ከሚናገር ከባዕዳን እጅ አድነኝ። ጸሎቱ እዚያ ሳይደርስ ያቆማል። ሕዝቡ ግን ቀሪውን በልቡ ይዞታል። መጨረሻው ደግሞ የባሰ ደፋር ነው። «በእሱ ዘመንና በእኛ ዘመን ይሁዳ ይዳን፤ ታዳጊም ወደ ጽዮን ይምጣ» ይላል። እስቲ አስቡት። በሩሲያ ንጉሠ ነገሥት ግዛት፣ የዛሩ ስም ተጠርቶ፣ በዚያው ትንፋሽ «ከዚህ የምንወጣበትን ቀን አምጣልን» ይባላል። ይህ የብሔር የነጻነት ጸሎት ነው። ገዢውን በሚባርከው ጸሎት ውስጥ ተሸሽጎ መቶ ዓመታትን ተሻገረ።

ደግሞ ፍርሃቱን ብቻ ካየን ምክንያቱን እንስተዋለን። በጥንት ረቢዎች የምክር መጽሐፍ፣ በ«የአባቶች ምዕራፍ» ውስጥ ረቢ ሐኒና፣ የሊቀ ካህናቱ ምክትል፣ ለመንግሥት ሰላም ጸልዩ ይላል። ምክንያቱንም ይሰጣል፦ የመንግሥት ፍርሃት ባይኖር ሰው ጎረቤቱን በሕይወቱ ይውጠው ነበር። የረቢዎቹ ትልቁ የሕግና የትርጓሜ መጽሐፍ ታልሙድም ይህንን ሲያብራራ ትልቁ ዓሣ ትንሹን እንደሚውጥ ብሎ በባሕር ዓሣ ይመስለዋል። ይህ ሰው የሮማን መንግሥት ወዶ አይደለም እንዲህ ያለው። የኖረው በሁለተኛው ቤተ መቅደስ መጨረሻ ነው። በዚያ ዘመን በኢየሩሳሌም ቅጥር ውስጥ የአይሁድ አንጃዎች እርስ በርስ ተጨራረሱ። ለከበባ የተከማቸው እህል በገዛ ወገን እጅ ተቃጠለ። ከተማዪቱ በ70 ዓ.ም. ከመውደቋ በፊት ሕዝቡ በረሃብ አለቀ። ሐኒና የሚለው «መንግሥት ጥሩ ነው» አይደለም። «መንግሥት ሲጠፋ ምን እንደሚመጣ አውቃለሁ» ነው። ከኢትዮጵያ የመጣን ሰዎች ይህንን ለማስተዋል ታልሙድ መማር አያስፈልገንም። መንግሥት ሲወድቅ፣ ሽፍታ ሲበዛ፣ መንገድ ሲዘጋ ያየ ሽማግሌ በየቤታችን አለ።

ስለ ተረቱ አንድ ነገር ብዬ ልለፍ። «ንጉሥ አይከሰስ» የሚለው የኛ የአማርኛ ተረት ነው፤ የኦሪት ግን አይደለም። በኦሪት ንጉሥ ይከሰሳል። ናታን ዳዊትን ፊት ለፊት «ያ ሰው አንተ ነህ» አለው። ኤልያስ አክዓብን በናቡቴ የወይን ቦታ አግኝቶ «ገደልህ፣ ደግሞም ወረስህ?» አለው። የዘዳግም 17 ሕግ ንጉሥ ፈረስ እንዳያበዛ፣ ብርና ወርቅ እንዳያከማች ይከለክላል። ከሁሉም በላይ ሕጉን በእጁ ገልብጦ ዕድሜ ልኩን እንዲያነብ ያዘዋል፤ ልቡ በወንድሞቹ ላይ እንዳይኮራ። ከሕግ በታች ለሆነ ሰው ነው የሚጸለየው።

ሁለተኛው ነጥብ ከሁሉም የሚከብደው ነው፤ ትንሽ ልቆይበት። «የሚጸልይ አይወቅስም» ይላል ጸሐፊው። ይህንን ለመደገፍ የሚችል ታሪክ አለ፤ እሱ ስላላነሳው እኔ ላንሳለት። የመጀመሪያው ረቢ በአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤት ስብሰባ በጸሎት የከፈተው በየካቲት 1860 ነው። ሞሪስ ራፋል ይባላል። የዚያን ምክር ቤት ስብሰባ የባረከ የመጀመሪያው አይሁዳዊ ነው፤ ትልቅ ክብር ነበር። ዓመት ሳይሞላ፣ በጥር 1861፣ ፕሬዚዳንቱ አገሪቱ ከመከፈል እንድትድን የጾምና የጸሎት ቀን አወጀ። በዚያ ቀን ራፋል በኒው ዮርክ ቆሞ መጽሐፍ ቅዱስ ባርነትን አይከለክልም ብሎ ሰበከ። የባርነት ደጋፊዎች ስብከቱን አሰራጩት። እንግዲህ ለመንግሥት የጸለየ ሰው፣ ለመንግሥት በተጸለየበት ቀን፣ ግፍን ደገፈ። ይህንን አልሸፋፍነውም።

ግን የመለሰለት ማን ነው? ሌላ ረቢ ነው። ዴቪድ አይንሆርን የሚኖረው ባርነት በሕግ በተፈቀደባት በባልቲሞር ነበር። እዚያው ሆኖ ራፋልን ነቀፈ፤ ባርነትን በግልጽ አወገዘ። በሚያዝያ 1861 ሁከት ሲነሳ ሕይወቱ አደጋ ላይ ወድቆ ከተማዋን ጥሎ ወጣ። ሁለቱም ይጸልዩ ነበር። ያለያያቸው ጸሎቱ አይደለም። ያለያያቸው «ፍትሕን የሚወድ ንጉሥ» ብለው የጠሩትን አምላክ ከምራቸው መጥራትና አለመጥራታቸው ነው። ከመቶ ዓመት በኋላ ደግሞ ረቢ አብርሃም ኢያሱ ሄሸል በ1965 በአላባማ፣ በሴልማ ከማርቲን ሉተር ኪንግ ጋር ለመምረጥ መብት ተሰለፈ። ሲመለስ እግሮቼ የሚጸልዩ መስሎ ተሰማኝ አለ።

ሩቅ ሳንሄድ የራሳችንን እንይ። በ1985 ዋናው የረቢዎች ጽሕፈት ቤት ቤተ እስራኤል የሚባሉት የኢትዮጵያ አይሁድ ከመጋባታቸው በፊት በውኃ ይጠመቁ የሚል ግዴታ ሲጥል ማን ተነሳ? ወላጆቻችን በኢየሩሳሌም ከጽሕፈት ቤቱ ፊት ለፊት አንድ ወር ገደማ ተቀምጠው አመጹ። ቄሶቻችን አብረዋቸው ነበሩ። ጥላቸውን ዘርግተው፣ ጸሎታቸውን እያደረሱ። በ2015 አንድ የኛ ልጅ ወታደር በፖሊስ ሲደበደብ በካሜራ ከታየ በኋላ በኢየሩሳሌምና በቴል አቪቭ የወጡትን አስታውሱ። አባቴ ያን እሑድ ቴል አቪቭ ነበር። ጭስ ዓይኑን አቃጥሎት ነው የተመለሰው። የሚቀጥለው ሰንበት ምኩራብ ሄደ። አጠገቡ የሚቀመጥ ሰው «ዛሬም ለነዚህ ትጸልያለህ?» ብሎ በቁጣ ጠየቀው። አባቴ አልመለሰለትም። ተነስቶ ቆመ፤ ቃሏ ላይ ሲደርስም እንደ ወትሮው ጮክ አለ። ከሰልፉ በኋላ መንግሥት ያቋቋመው ኮሚቴ በ2016 ዘረኝነት በመሥሪያ ቤቶች ውስጥ እንዳለ አምኖ ብዙ የማሻሻያ ሐሳቦችን አቀረበ። ሁሉም ተፈጽሟል አልልም። የምለው፣ ጸሎቱ አባቴን እቤቱ አላስቀመጠውም።

ወቀሳ ሊያቆም የሚችለው ሰው ሌላ ነው። ከመንግሥት ምንም የማይጠብቅ፣ «ሁሉም ሌባ ነው፣ ምን ይደረግ» ብሎ የተወ። በየሳምንቱ «አቅናቸው» የሚል ሰው ግን ካልተቃኑ ያስተውላል።

በሰንበት ጠዋት ለጉባኤው የሚደረግ ሌላ ጥንታዊ ቡራኬም አለ። ጸሐፊው ረስቶታል። ለድሆች ምጽዋት የሚሰጡትን፣ ለእንግዳ እንጀራ የሚያቀርቡትን ይባርካል። ከዚያ «የሕዝብን ጉዳይ በታማኝነት የሚያከናውኑትን» ይላል። «በታማኝነት» የምትለዋን ቃል ያዙልኝ። የሕዝብን ሥራ የያዘ ሁሉ አይደለም የሚባረከው። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን መመሪያው ያደረገ ሹም ከዚህ ቡራኬ ውጪ ነው።

ሦስተኛው ስለ ነጻነት ነው። «አገር አለን፣ ባንዲራ አለን፣ ምን ቀረ?» ይላል። እኔ በየቀኑ ሦስት ጊዜ በሚደርሰው በዓሚዳ ጸሎት ልመልስለት። አሥረኛው ቡራኬ «ስለ ነጻነታችን ታላቁን ቀንደ መለከት ንፋ፤ ስደተኞቻችንን ለመሰብሰብ ዓርማን አንሳ» ይላል። ነጻነት እዚያ ተጠየቀ። ጸሎቱ ግን አያበቃም። ወዲያው አሥራ አንደኛው ይቀጥላል፦ «ፈራጆቻችንን እንደ ቀድሞው፣ አማካሪዎቻችንን እንደ መጀመሪያው መልስልን፤ ኀዘንንና ልቅሶን ከእኛ አርቅ።» የሚዘጋውም «ጽድቅንና ፍርድን የሚወድ ንጉሥ» በሚል ነው። ስለ ፈራጆቹ የሚለው ቃል ከኢሳይያስ የተወሰደ ነው። ቅደም ተከተሉን አስተውሉ። ስደተኛ ተሰብስቦ አገሩ ከገባ በኋላ ነው ስለ ዳኛ የሚለመነው። የገባው ሰው ገና ሊያለቅስ እንደሚችል ጸሎቱን የሠሩት ሊቃውንት ያውቁ ነበር።

እኛም አውቀነዋል። ወደ እስራኤል ለመምጣት ስንጓዝ በሱዳን መንገድና በመጠለያዎቹ ወደ 4,000 ሰው እንደሞተብን ይነገራል። በግንቦት 1991 ደግሞ በአንድ ቀን ተኩል ከ14,000 በላይ ሰው ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ተጓዘ። መለከቱ ተነፋ፤ ዓርማውም ተነሳ። ከዚያ በ1996 የሰጠነው ደም በስውር ሲጣል እንደኖረ ተሰማ። ሺዎች ወደ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ቢሮ ወጡ። ነጻነት አልነበረንም ማለት ነው? ነበረን። ግን አሥረኛው ቡራኬ ደርሶ አሥራ አንደኛው ገና ነበር። በዚያው ዓመት አዲሱ መሰለ ከኛ መካከል የመጀመሪያው የክነሴት፣ የእስራኤል ምክር ቤት፣ አባል ሆኖ ተመረጠ። በ2020 ደግሞ ፕኒና ታማኖ ሻታ፣ ኢትዮጵያ የተወለደች የመጀመሪያዋ ሚኒስትር ሆነች። ዛሬ «ለሚኒስትሮቿ» ሲባል ከኛ የወጣ ሰውም እዚያ ውስጥ ሊገባ ይችላል። ያኔም «አቅናቸው» ይባላል፤ ለኛ ሰው ተብሎ አይዘለልም።

የ1948ቱ ጸሎት አገሪቱን «የመዳናችን ቡቃያ መጀመሪያ» ይላታል። ይህ ሐረግ ብዙ ያከራክራል። አጥባቂ ከሆኑት ወገኖች የማይሉት አሉ፤ ድፍረት ነው ብለው። ጸሐፊውም «ተፈጸመ ማለት ነው» ብሎ ተረጎመው። ገበሬ የነበረ ሰው ግን እንዲህ አይተረጉምም። ቡቃያ እህል አይደለም። ቡቃያ ዝናብ ይፈልጋል፣ መታረም ይፈልጋል፣ ከብት እንዳይገባበት መጠበቅ ይፈልጋል። አገሩን ቡቃያ ያለ ሰው ሥራው አለቀ አላለም።

አራተኛው፣ «የአባቶቻችን አይደለም» የሚለው። የጽሑፉ ቃል፣ አዎ፣ የእነሱ አይደለም። በ1948 የተጻፈ ጸሎት በጎንደር መንደራችን በአምቦበር ሊባል አይችልም ነበር። ሐሳቡ ግን ከረቢዎቹ ሁሉ ይበልጣል በዕድሜ። ኤርምያስ ወደ ባቢሎን ለተማረኩት በላከው ደብዳቤ ወደ ተማረካችሁባት ከተማ ሰላምን ፈልጉ፣ ስለ እርስዋም ጸልዩ፣ በእርስዋ ሰላም ሰላም ይሆንላችኋልና አለ። በዕዝራ 6 ዳርዮስ ቤተ መቅደሱ እንዲሠራ ሲያዝ ለንጉሡና ለልጆቹ ዕድሜ እንዲጸልዩ ይጠይቃል። ኤርምያስም ዕዝራም ከኛ ዘንድ በግዕዝ ነበሩ። ከአውሮፓ አልመጡም።

የቤተ እስራኤልን በዓል፣ ሲግድን ደግሞ እንዴት ይረሳል? ከዮም ኪፑር፣ ከማስተሰረያው ቀን በኋላ በ50ኛው ቀን፣ ሕዝቡ ጾሞ፣ ተራራ ወጥቶ፣ ቄሶቹ ከነህምያ ያነባሉ። እዚያ ነህምያ 9 ላይ ምን አለ? «እነሆ፣ ዛሬ ባሪያዎች ነን» ይላል። ለአባቶቻችን በሰጠሃቸው ምድር ላይ ባሪያዎች ነን፤ በረከትዋም በኃጢአታችን ምክንያት በላያችን ለሾምሃቸው ነገሥታት ይበዛል፤ በሰውነታችንና በከብታችን ላይ እንደ ወደዱ ይገዛሉ። ይህ ስለ መንግሥት የሚደረግ ጸሎት ካልሆነ ሌላ ምን ሊባል ነው? ግብር የከበደበት፣ መሬቱ ላይ ባለቤት ያልሆነ ሕዝብ ጩኸት ነው። አባቶቻችን ይህንን ሲያነቡ የድሮ ታሪክ አልነበረም የሚያነቡት። ርስት እንዳይኖራቸው የተከለከሉ ሰዎች ነበሩ። የሰው መሬት በጭሰኝነት አረሱ፤ ብረት ቀጠቀጡ፣ ሸክላ ሠሩ፣ ሸማ ሠሩ። ትውፊቱ ነገሩን እስከ ዐፄ ይስሐቅ፣ እስከ 15ኛው መቶ ዓመት ይወስደዋል፤ ክርስትና የተጠመቀ ይውረስ፣ ያልተጠመቀ ርስት አይኑረው ተባለ ይላል። በአንድ አዋጅ መሬቱን ያጣ ሕዝብ የሕግ አውጪ ብዕር ምን ያህል እንደሚከብድ ከማንም በላይ ያውቃል። ኢሳይያስ «የግፍን ትእዛዛት ለሚያዝዙ ወዮላቸው» ያለውም ስለነዚህ ብዕሮች ነው።

ሲግድ ራሱ ከ2008 ጀምሮ በክነሴት ሕግ የአገሪቱ በዓል ሆኗል። በኢየሩሳሌም በአርሞን ሃናጺቭ ሲከበር ባለሥልጣናት መጥተው ከፊት ይቀመጣሉ። ነህምያ 9 በእነሱ ፊት ነው የሚነበበው። ብዙዎቹ ግዕዙ አይገባቸውም፤ ያሳዝነኛል። ቢገባቸው ኖሮ ሰላምታ ብቻ እንዳልቀረበላቸው ያውቁ ነበር።

አምስተኛውን በአጭሩ ልመልስ፤ ከጸሐፊው ጋር ብዙ አልጣላምና። ሃይማኖት በመንግሥት ሥልጣን ሲታገዝ ምን እንደሚያደርግ 1985 አስተምሮናል። ማን ከማን ይጋባ ብሎ የሚወስን ቢሮ ያመጣብን ሥቃይ እስካሁን ያልሻረለት ሰው አለ። እዚህ ላይ ልክ ነው። ግን ጸሎትና ሥልጣን የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አሜሪካ ሃይማኖትና መንግሥት በሕገ መንግሥት የተለያዩበት አገር ነው፤ እዚያም አይሁድ ለመንግሥታቸው ይጸልያሉ። በ1927 ሊቁ ሉዊስ ጊንዝበርግ ያንን የድሮውን «ለነገሥታት መዳንን የሚሰጥ» ትቶ ንጉሥ ለሌለበት አገር የሚሆን አዲስ ጸሎት ጻፈ። ለአገሪቱ፣ ለመሪዎቿ፣ ለዳኞቿ ይጸልያል። የፍትሕን ሥርዓት አስተምራቸው፤ ሰላምና ነጻነት ከምድራችን አይራቁ ይላል። የአገሪቱ ነዋሪዎች ሁሉ፣ የየትኛውም ዘርና እምነት ሰዎች፣ በወንድማማችነት እንዲተሳሰሩም ይለምናል። ረቢ ሕግ ያውጣ አላለም። ሕግ የሚያወጣው ሰው ጥበብ ይስጠው አለ። እናት ሐኪሙ እጁ እንዲቀና ብትጸልይ ቢላውን ስጡኝ ማለቷ አይደለም።

የመጨረሻው ነጥብ ላይ እጄን አነሳለሁ። ሽማግሌዎቻችን ባልገባቸው ጸሎት ላይ አሜን ይላሉ፤ እውነት ነው። በብዙ ምኩራብ ጸሎቱ ግማሽ ደቂቃ በማትሞላ ጊዜ ተንበልብሎ ያልፋል። ወጣቱም ዕብራይስጡን እያወቀ አይሰማውም። ጸሐፊው ይህንን በመናገሩ አመሰግነዋለሁ። መፍትሔው ግን ጸሎቱን መተው ነው ማለቱን አልቀበልም።

ስለዚህ ጽሑፉን ካነበብኩ በኋላ ተቀምጬ ወደ አማርኛ መለስኩት። አንድ ገጽ አይሞላም። ለሦስት ሽማግሌዎች አነበብኩላቸው። አንዱ ቄስ ናቸው፤ ዓይናቸው ደክሟል፤ ጆሯቸው ግን ደህና ነው። «አቅናቸው» የሚለው ላይ ስንደርስ ክርክር ተነሳ። አንዱ ሽማግሌ «አስተካክላቸው» ይሻላል አሉ። ሌላው «ገሥጻቸው» ይባል አሉ። ቄሱ ዝም ብለው ቆዩና የዕብራይስጡን ቃል ደግሜ እንድልላቸው ጠየቁኝ። ሁለቴ አልኩላቸው። «አቅናቸው ይሁን፤» አሉ፣ «እኛም ከነሱ ጋር እንድንቃና።» ከዚያ ወረቀቱ በትልልቅ ፊደል እንዲታተም አዘዙኝ። ሃያ ቅጂ አትሜ ምኩራቡ በር ላይ ካለው መደርደሪያ አስቀምጫለሁ። ጸሐፊው በሰፈራችን ካለፈ አንዱ የእሱ ነው። ከሦስቱ ቃላት የሚሻል አራተኛ ካለውም ይንገረን፤ ከሚቀጥለው ሰንበት በፊት ማስተካከል እንችላለን።